ስምንት ባዶ ፕላስተሮች

አካሉን የገደለው ራሱ የሠራው ድሮን ነው ተባለ። በዚያ የኅዳር ጠዋት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ባለችው ሜዳ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር፤ ላየውም ለማመን አያስቸግርም። ሟቹ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከጭንቅላቱ እስከ ወገቡ ድረስ ስምንት ክንድ ያለው ጥቁር ማሽን ከነካሜራው ተጭኖታል። ማሽኑ ከባድ የፊልም ካሜራ ተሸክሞ እንዲበር የተሠራ ነው። ክንዶቹ ሲዘረጉ በተራ በር አያልፍም።

ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ከየካ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጠር ያለች፣ ችኮላ የማትወድ መርማሪ ናት። ስለ ድሮን የምታውቀው በእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሲያንዣብብ ያየችውን ትንሹን ብቻ ነው። አለማወቋን ግን አታፍርበትም፤ እንዲያውም ትሠራበታለች። የማያውቅ ሰው ብዙ ቢጠይቅ ማንም አይጠረጥረውም።

ረዳቷ ሳጅን ሊሊሳ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ግልጽ ነው ኢንስፔክተር። እየበረ ሳለ ኃይል ተቋረጠበት፤ ወደቀበት። ይኸው፣ ከአራቱ ባትሪ አንዱ አብጦ ፈንድቷል።»

«ባትሪውን ማን ሸጠለት?»

«ሱፊያን የሚባል የላምበረት ነጋዴ። ከዱባይ ነው የሚያስመጣው። አሮጌ ባትሪ በአዲስ ካርቶን አሽጎ ሰጥቶት ነው እያሉ ነው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

ሊሊሳ ወደ ሰዉ ዞር ብሎ አየ። «ሁሉም።»

«ሁሉም» የሚባል ምስክር ሸዋረጋ በሃያ አምስት ዓመት ሥራዋ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ አይታ አታውቅም። ሬሳውን መዞር ጀመረች። በየክንዱ ጫፍ ከሚሽከረከሩት ስምንት የካርቦን ፕሮፔለሮች አምስቱ ተሰባብረዋል፤ ሦስቱ ደህና ናቸው። ስብርባሪው ሁሉ እዚያው ሬሳው አጠገብ ነው። አንድ ነጠላ ቢዘረጋ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ከዚያ ቀና አለች። ሬሳው ያለው ሁለት ሰው ቁመት በሚሆን ቋጥኝ ግርጌ ነው።

«ሊሊሳ፣ በአየር ላይ ያለ ነገር የምትቆጣጠር ብትሆን የት ትቆማለህ?»

«ሜዳው መሃል።»

«እሱ ግን ቋጥኝ ሥር ነው ያለው። ከዚህ ግማሹ ሰማይ አይታይም።» ጎንበስ ብላ ማሽኑን በቅርብ አየችው። በየሞተሩ፣ በየባትሪው፣ በካሜራው፣ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በፕላስተሩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ቁጥርና ክብደት ሰፍሯል። ሞተር ሦስት፣ 271 ግራም። ሞተር አራት፣ 270 ግራም። ስምንቱን ፕሮፔለሮች አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። አንዳቸውም ላይ ፕላስተር የለም።

በሟቹ ኪስ ውስጥ መታወቂያ፣ ቁልፍና ፕላስተር ለጊዜው የሚለጠፍበት አንድ የሚያንሸራትት ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ስምንት የተቆረጡ ፕላስተሮች ተደርድረዋል። ከአንድ እስከ ስምንት ተቆጥረው «ግራም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ የክብደቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። በቦርሳው ውስጥ ደግሞ አንዲት የወጥ ቤት ሚዛን አለች። ሸዋረጋ ወረቀቱን በማስረጃ ፖስታ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ረጅም ጊዜ አየችው።

ሬሳውን ያገኙት የጫካው ጠባቂ አቶ ጉዲሳ ነበሩ።

«አባባ፣ በሕይወት ሳለ አይተውታል?»

«አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ሰላም አለኝ። ዕቃውን ከመኪና አወረደና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ምን ትሠራለህ ስለው ‹ሰው እየጠበቅኩ ነው› አለኝ። እኔም ወደ ላይ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«የማሽኑን ድምፅ ሰምተዋል?»

«ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ነበር የኔ ልጅ። አውሮፕላንም ቢያልፍ አልሰማም።»

ሸዋረጋ ሦስት ነገር አዘዘች፦ ማሽኑ ከነካሜራው ይመዘን፤ የተረፉት ሦስት ባትሪዎች ምን ያህል ኃይል እንደቀራቸው በባለሙያ ይለኩ፤ ሱፊያንም ይጠራ። አዛዧ ግን ከእሷ ይልቅ «ሁሉም»ን ሰምተው ኖሮ ሱፊያን አልተጠራም፤ ተያዘ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

*

የአካሉ መሥሪያ ቤት የካ ውስጥ በአንድ የድሮ ግቢ ጓሮ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። አብረውት የሚሠሩት ሦስት ሰዎች እዚያው ጠበቋት፦ የፊልም ድርጅቱ ባለቤት ጆኒ፣ የድሮን አብራሪው ወንደሰንና የካሜራ ባለሙያዋ ናዝሬት። ሦስቱም በሦስት ማዕዘን ተቀምጠዋል። እንደዚህ ያለ አቀማመጥ ሐዘን የሚያመጣው ላይሆን እንደሚችል ሸዋረጋ ታውቃለች፤ መጀመሪያ ጆኒን ብቻውን አስቀረችው።

«ኢንስፔክተር፣ ሰኞ ክላየንቶቹ ይመጣሉ። የውጭ ፊልም ነው። ይኼ ድሮን የድርጅቱ ላይፍ ነበር፤ አሁን ሁሉም ነገር ኦቨር ነው።»

«አካሉም ሞቷል።»

ጆኒ አቀረቀረ። «እሱማ… እሱን እንዴት እንደምናገረው ጠፍቶኝ ነው።»

«ድሮኑ የማን ሥራ ነው?»

«ዲዛይኑ የወንደሰን ነው። ክላየንቶቹን ያገኘው እሱ ነው። ምን ሞተር፣ ምን ባትሪ፣ ምን ፕሮፔለር እንደሚገዛ ሊስቱን ከኢንተርኔት ያወጣውም እሱ ነው። አካሉ ይገጣጥማል።»

«ይገጣጥማል ብቻ?»

«ያው… ይቀያይራል። ሞተሩን ቀየረ። ክንዱን አስረዘመ። እያንዳንዷን ብሎን ይመዝናል፤ ካመነባት ፕላስተር ይለጥፍባታል። ያልተለጠፈበት ዕቃ ማሽኑ ላይ አይወጣም። እኔ እንኳ ቡና ስኒዬ ላይ ለጥፎብኝ ያውቃል።» ሳያስበው ሳቅ አመለጠውና ወዲያው ደነገጠ።

«ከወንደሰን ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ተነጋገሩ። ወንደሰን ያስመጣውን ሃያ ስምንት ኢንች ፕሮፔለር አካሉ ሞክሮ ‹ይኼ የባሕር ጠረፍ ዕቃ ነው፤ እዚህ አይሠራም› አለ። ሳጥኑን ወስዶ የወንደሰን መኪና ኋላ ውስጥ ወረወረው። ናዝሬትም ነበረች። ግን ይኼ ጠብ አይባልም፤ ኢንጂነሮች ሁሌ እንዲህ ናቸው።»

ሸዋረጋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሞተርና አንድ አሮጌ ፕሮፔለር አንስታ ሰጠችው። «እስቲ ግጠምልኝ። እንዴት እንደሆነ ልይ።»

ጆኒ ተቀብሎ ሲታገል ቆየና ገጠመው። በተቃራኒው፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ። ብሎኑም አልያዘለትም። «እኔ ፕሮዲውሰር ነኝ» አለ እያፈረ።

ናዝሬት ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤት።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ስልክ እስኪደወልልኝ።»

«አካሉ ሰው እየጠበቀ ነበር። ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ወለሉን አየች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። «ትንሽ ቢታገስ ኖሮ…» አለች።

«ምን እስኪመጣ?»

ሸዋረጋ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀቻት። ናዝሬት ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ የሚዋሽ ሰው ዝምታ ይሁን የሚያዝን ሰው፣ በዚያች ሰዓት ለመለየት የሚቻል አልነበረም።

ወንደሰን ግን ሊረዳ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው ነው። ባትሪ ሲያብጥ ምን እንደሚሆን፣ ኃይል ባንዴ ሲቋረጥ ማሽኑ እንደ ድንጋይ እንደሚወርድ በትዕግሥት ነገራት።

«የዕቃዎቹ ዝርዝር ያንተ ነው አሉ።»

«አዎ። ዓለም ላይ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። አካሉ የማይነካካው ነገር የለም እንጂ ከመጀመሪያውም እንዳለ ቢሠራ ኖሮ ከአንድ ወር በፊት ባለቀ ነበር።»

«ሃያ ስምንት ኢንቹን ፕሮፔለር አልፈልግም ብሎ ነበር አይደል? ዛሬ ግን ማሽኑ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«በኋላ አመነበት። ከሳምንት በፊት መጥቶ ከመኪናዬ ወሰዳቸው። አብራሪው እኔ ሆኜ ሳለ ሳይነግረኝ ብቻውን ሊሞክር መሄዱ ነው የገረመኝ።»

«አንተ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቤቴ። ተኝቼ ነበር።»

«ትርፍ ፕሮፔለር ቀርቶሃል?»

«ዐሥር ነበር ያስመጣሁት። ሁለቱ አሉኝ።»

ሸዋረጋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም። ነገ ፍርድ ቤት ‹ጥፋቱ የባትሪው ነው› ብዬ ልቆም ነው፤ ዳኛው ‹ዝርዝሩ ራሱ ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?› ቢለኝ መልስ የለኝም። ነገ ጠዋት ሜዳው ላይ መጥተህ ብታሳየኝስ? ሁለቱን ፕሮፔለሮችህን ይዘህ።»

የወንደሰን ፊት በራ። «በደስታ፣ ኢንስፔክተር።»

*

የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ወጣት ምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሱፊያን እህት ሰዓዲያ ናት። ሸዋረጋን ስታይ ተነሣች።

«እትዬ፣ ወንድሜ አሮጌ ዕቃ አይሸጥም። ሱቃችንን አሽገውታል። ሰፈሩ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እያለው ነው። ነገ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ነፃ ቢወጣ እንኳ ማን ከእሱ ይገዛል?»

ሸዋረጋ የማትጠብቀውን ቃል አትሰጥም። «ምሳውን አስገቢለት» ብቻ አለቻት።

ሱፊያን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው። አካሉ ራሱ ሱቄ ቁጭ ብሎ ነው የለካቸው። እሱን ማታለል ይቻላል እንዴ? ለአንድ ብሎን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው ነው።»

«ሌላ ያዘዘህ ነገር ነበር?»

«ሠላሳ ሁለት ኢንች ፕሮፔለር። ስምንት። እንጦጦ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ አጭሩ አያነሳም፤ ረጅም ያስፈልገዋል ብሎኝ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ነበር፤ በረራው ዘግይቶ ዛሬ ጠዋት ነው ላምበረት የደረሰልኝ።»

«ለአካሉ ሰጠኸው?»

«ለእሱ አይደለም። መጥታ የወሰደችው ናዝሬት ናት። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል።»

ከክፍሉ ስትወጣ ሊሊሳ ወረቀት ይዞ ጠበቃት። ማሽኑን ወፍጮ ቤት ወስዶ በእህል ሚዛን አስመዝኖታል፦ ከነካሜራው ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። የሦስቱም ባትሪ ልኬት መጥቷል።

«ሦስቱም ሙሉ ናቸው ኢንስፔክተር። አካሉ ትናንት ፕላስተሩ ላይ ከጻፈው ቁጥር አንድም አልቀነሱም።»

«ያንን በደንብ ጻፈው» አለች ሸዋረጋ፤ መኪናዋንም ወደ ናዝሬት ቤት አዞረች።

ናዝሬት በሩን ስትከፍት ሸዋረጋ ሰላምታ እንኳ አልሰጠቻትም። «ሳጥኑ የት አለ?» አለቻት። ልጅቷ አልተከራከረችም። መኪናዋን ከፍታ ከኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ረጅም ሳጥን አሳየቻት። ማሸጊያው አልተከፈተም።

«ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር። ሞክሮ ካየ በኋላ ሊነግራቸው ነበር የፈለገው። ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብዬው ዕቃው ዘገየ፤ መንገዱም ተዘጋጋብኝ። ስደርስ ፖሊስ ቆሟል። ሰው መሃል ገብቼ አየሁ፤ ማሽኑ ላይ አጭሮቹ ናቸው የተገጠሙት። እኔን መጠበቅ ሰልችቶት በአጭሮቹ አብርሮ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የገደልኩት። ሱፊያንም በእኔ ነው የታሰረው፤ ግን ይህን እንዴት ብዬ እናገራለሁ?»

ሸዋረጋ ልታጽናናት የምትችልበት አንድ ቃል ነበራት፤ አላወጣችውም። ገና አላመነቻትም ነበርና።

«ሳጥኑን ሳትከፍቺ ነገ አራት ሰዓት ሜዳው ላይ ይዘሽ ነይ» አለቻት።

*

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኙ። ጆኒ በጥቁር መነጽር፣ ናዝሬት ሳጥኗን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ወንደሰን ሁለት ፕሮፔለሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ። ሱፊያንን ሁለት ፖሊሶች አመጡት፤ ሰዓዲያ ተከትላው መጥታ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመች። አቶ ጉዲሳ ዱላቸውን ተደግፈው አዩ። ሜዳው መሃል አካሉ ከአሮጌ የወንበር እግር የሠራው መሣሪያ ቆሟል፤ በአንድ ጫፉ ሞተር አለ፣ ሞተሩ ሲገፋ ሌላው ጫፍ የወጥ ቤቷን ሚዛን ይጫናል። ስንት ኪሎ ማንሳት እንደሚችል ሚዛኗ ትናገራለች።

«ሞተሩ ማሽኑ ላይ ካሉት ጋር አንድ ነው?» ስትል ሸዋረጋ ጠየቀች።

«አንድ ነው» አለ ወንደሰን። ፕሮፔለሩንም ራሱ ገጠመው፤ እጁ ሥራውን ያውቃል፤ አላየውም እንኳ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ናዝሬት ሪሞቱን ይዛ ኃይሉን እስከ መጨረሻ ሰጠችው። ፕሮፔለሩ ጮኸ፤ ደረቁ ሣር ተኛ።

«ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ» አለ ሊሊሳ ሚዛኗን እያነበበ።

«በስምንት ሲባዛ?»

«ሃያ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ማሽኑ ሃያ ዘጠኝ ከስድስት መቶ ነው» አለች ሸዋረጋ። «እንግዲህ አልገባኝም፤ ይኼ ነገር እንዴት ከመሬት ተነሣ?»

ወንደሰን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ ነው።»

ሸዋረጋ ከቦርሳዋ አንድ ኪሎ ስኳር አውጥታ ሚዛኗ ላይ አስቀመጠች። ሚዛኗ አንድ ኪሎ አለች። ወንደሰን ሁለተኛውን ፕሮፔለር ገጠመ፤ ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጠበቀ። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። እንደገና። ያው። ከዚያ በኋላ ፈገግታው ጠፋ።

«ናዝሬት፣ ሳጥኑን ክፈቺው።»

የሠላሳ ሁለት ኢንቹ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ድምፁ ወፍራም ነበር። ሊሊሳ ሁለት ጊዜ አነበበ። «አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ። በስምንት… አርባ አራት ከስምንት መቶ።»

«አጥፊው» አለች ሸዋረጋ፤ ጸጥታውም ሲወርድ መሃል ገባች።

«አካሉ በአደጋ አልሞተም። ማሽኑ ትናንት ጠዋት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልበረረም። ባትሪዎቹ ሙሉ ናቸው። ፕሮፔለር እየተሽከረከረ ቢሰበር ስብርባሪው እስከዚያ ዛፍ ድረስ ይበተን ነበር፤ ሁሉንም ግን እዚሁ ሬሳው አጠገብ ለቀምነው። አካሉ የተገኘውም ግማሹ ሰማይ በማይታይበት ቋጥኝ ሥር ነው። አንድ ሰው መታው፤ ከዚያ ማሽኑን ቋጥኙ ላይ አውጥቶ ለቀቀበት። ባትሪው ያበጠው ያኔ ነው። ሱፊያን የሸጠው ዕቃ ምንም አልነበረበትም።»

ከዛፎቹ ሥር ሰዓዲያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ማን ነው ታዲያ?» አለች ሸዋረጋ። «አካሉ ያመነበትን ዕቃ መዝኖ ፕላስተር ይለጥፍበታል። ማሽኑ ላይ ያልተለጠፈባቸው ዕቃዎች ስምንቱ ፕሮፔለሮች ብቻ ናቸው። በኪሱ ደግሞ ስምንት ባዶ ፕላስተሮች አሉ። ገና የሚመጡ ስምንት ዕቃዎች እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ እዚህ የመጣው ያለ ፕሮፔለር ነው። አጭሮቹን የገጠመው ገዳዩ ነው፤ ፕሮፔለር የሌለው ማሽን ወደቀ ቢባል ማንም አያምንምና።»

ወደ ጆኒ ዞረች። «አንተ አንዷን እንኳ በትክክል መግጠም አትችልም። እነዚህ አራቱ ወደ ቀኝ፣ አራቱ ወደ ግራ የሚዞሩ ናቸው፤ ስምንቱም በየቦታቸው ተገጥመዋል።» ጆኒ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አለማወቁ አስደስቶት አያውቅም።

«ሱፊያን አጭሩ እዚህ እንደማያነሳ ያውቃል፤ ረጅሙን የሸጠው እሱ ነው። በዚያ ላይ የራሱን ባትሪ የሚያስወቅስ ወንጀል አያቀናብርም። ናዝሬትም ታውቃለች፤ ረጅሞቹ በእጇ ነበሩ። እሷ ብትሆን ኖሮ የምትገጥመው እነሱን ነበር።» ናዝሬትን አየቻት። «አካሉ አንቺን መጠበቅ ሰልችቶት አልበረረም። ፕላስተሮቹን ቆርጦ እየጠበቀሽ ነበር። ዘግይተሽ አይደለም የሞተው።»

ናዝሬት ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የቆየው ለቅሶ ድምፅ አውጥቶ መጣ።

«የቀረው፣ መግጠም የሚችል፣ አጭሮቹ በእጁ የነበሩ፣ እንደማያነሱ ተነግሮት ግን ያላመነ ሰው ነው። ሳጥኑ መኪናህ ውስጥ ሲወረወር ሁለት ሰዎች አይተዋል፤ ከዚያ ሲወጣ ያየ ከአንተ በቀር የለም። አካሉ ከሳምንት በፊት ወስዷቸው ቢሆን ያለ ፕላስተር አይተዋቸውም ነበር፤ የጆኒን ስኒ እንኳ አልተወም። ወንደሰን፣ ለምን?»

ወንደሰን ሚዛኗን ነበር የሚያየው። ሲናገር ድምፁ የታረመው ድምፁ አልነበረም።

«ለውጭ ሰዎቹ የእኔ ሥራ ነው ብያቸው ነበር። ፓስፖርቴን ሁሉ ልኬላቸዋለሁ፤ ወደዚያ ሊወስዱኝ ነበር። የአካሉን መኪና ተከትዬ መጣሁ። ቢያንስ ሰኞ ዝም በልልኝ አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ‹ወንዴ፣ እውነቱን ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝና ሚዛኑን ሊያወጣ ቦርሳው ላይ ጎነበሰ። ድንጋዩን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ሊሊሳ ካቴናውን አውጥቶ ተጠጋ። ወንደሰን እጁን ሰጠ፤ ዓይኑን ግን ከሚዛኗ አላነሣም።

«የሚበር መስሎኝ ነበር» አለ። «እውነት ኢንስፔክተር፣ የሚበር መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሸዋረጋ። «ባታምንበት ኖሮ አትገጥመውም ነበር።»

ወደ መኪናው ወሰዱት። የሱፊያን አጃቢዎች ትእዛዝ ሲጠብቁ ሸዋረጋ ለአዛዧ ደወለች፤ ባጭሩ ተናገረች፤ ሱቁ ዛሬውኑ እንዲከፈትና ማሸጊያው ሲነሣ ሰፈሩ እንዲያይ አጥብቃ አሳሰበች። ሰዓዲያ ወንድሟን አንገቱን አቅፋ ምን እንደምትለው አልተሰማም። ምሳ ዕቃው ከመሬት ወድቆ ክዳኑ ተንከባሎ ነበር፤ አቶ ጉዲሳ አንሥተው በጋቢያቸው ጠረጉት።

ናዝሬት ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ሸዋረጋ መጣች። በእጇ አንድ ረጅም ፕሮፔለር ይዛለች።

«ኢንስፔክተር፣ ያ የአካሉ ወረቀት… ስምንቱ ፕላስተሮች…»

«እሱ የፍርድ ቤት ነው የኔ ልጅ» አለች ሸዋረጋ። ትንሽ አሰብ አደረገችና ከአካሉ ቦርሳ የፕላስተሩን ጥቅልና እስክሪብቶውን አውጥታ ዘረጋችላት። «አዲስ ቁረጪ።»

ናዝሬት ተንበረከከች። ሚዛኗን ከመሣሪያው ሥር አውጥታ ፕሮፔለሩን በላይዋ በጥንቃቄ አጋደመችው። ነፋሱ ቁጥሩን ያወዛውዘው ስለነበር ሸዋረጋ በነጠላዋ ከለለችላት፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ሁለቱም ጠበቁ።

«አንድ። መቶ ዐሥራ ሁለት ግራም» አለች ናዝሬት፤ ጻፈችና ለጠፈችበት። ከዚያም ከሳጥኑ ሁለተኛውን አወጣች።